የትከሻ ቅየራና የሂስፓኒክ ታካሚዎች፦ ውጤቱ እንዳለ ይውጣ ወይስ ተስተካክሎ?

አወያዩ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ዛሬም ሳንሰዳደብ እንከራከራለን ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው።

ጉዳዩ ይኸው። አሜሪካ ውስጥ ትከሻው በአርትራይተስ ያለቀ ወይም ጅማቱ የተበጠሰ ሰው መገጣጠሚያው በብረትና በፕላስቲክ ይቀየርለታል። ከ2003 መጨረሻ ወዲህ ደግሞ ኳሱና ጎድጓዳው ቦታ የሚለዋወጡበት “ሪቨርስ” የሚባለው ስለተፈቀደ ሥራው በጣም በዝቷል። ሂስፓኒክ (ዘራቸው ስፓኒሽ ከሚነገርባቸው አገሮች የሚመዘዝ) ታካሚዎች ግን ቀዶ ሕክምናውን የሚያገኙት ከነጮች ባነሰ መጠን ነው። ሲመጡ ሕመሙ ጠንቶባቸው ነው። ሆስፒታል የሚተኙትም ረዘም ላለ ጊዜ ነው። ከተለያዩ ጥናቶች ተደጋግሞ የሚወጣው ይኸው ነው። ከቀዶ ሕክምናው የሚያገኙት መሻሻል ብዙ ጊዜ ከነጮቹ ጋር ይቀራረባል፤ ከታች ስለጀመሩ ግን ከታች ይጨርሳሉ።

ክርክሩ እዚህ ላይ ነው። የሆስፒታሎች ውጤት ሲመዘን የታካሚው ገቢ፣ ኢንሹራንስና ቋንቋ ታስቦ ቁጥሩ ይስተካከል? ወይስ በብሔረሰብ ተለይቶ እንዳለ ይፋ ይውጣ?

አወያይ አቋም አይዝም ይባላል። እኔ ዛሬ እይዛለሁ፤ እንዳለ ይውጣ። ማስተካከያ ሲበዛ ችግሩ በሂሳብ ተሸፍኖ ይቀራል።

ሲስተር (ዳላስ)፦
አወያያችን፣ እኛ ጋ መጥተህ አንድ ቀን ብትውል እንደዚህ አትልም። ከአሜሪካ ግዛቶች ኢንሹራንስ የሌለው ሰው በብዛት ያለው ቴክሳስ ነው፤ ሜዲኬይድን፣ የድሆቹን የመንግሥት ኢንሹራንስ፣ አላሰፉም። ቀለም ቀቢው፣ ጣሪያ ሠሪው ትከሻው ካለቀ ቆይቷል። ሜዲኬር፣ የአረጋውያኑ የመንግሥት ኢንሹራንስ፣ ደግሞ ለአብዛኛው ሰው 65 ሲሞላ ነው። ወረቀት የሌለው እሱንም አያገኝ። ስለዚህ በክኒን እያስታገሠ ይጠብቃል። እኛ ጋ ሲደርስ አጥንቱ ተበልቷል፣ ስኳሩ ወጥቷል። ይህን ሰው የሚቀበል ሆስፒታል ከሀብታም ሰፈር ሆስፒታል ጋር እኩል ቢመዘን መጨረሻ ነው የሚወጣው። ከዚያ ገንዘቡ ይቀነሳል። በጀት ሲያጥር ቶሎ የሚቀነሰው ማን እንደሆነ የምትሠሩበት ታውቁታላችሁ፤ አስተርጓሚው።

ይሄ ደግሞ ታይቷል። ሜዲኬር ከኦክቶበር 2012 ጀምሮ ታካሚዎቻቸው በ30 ቀን ውስጥ ተመልሰው የሚተኙባቸውን ሆስፒታሎች መቅጣት ጀመረ። የዳሌና የጉልበት ቅየራ በኋላ ተጨመረ። ቅጣቱ የከበደው ድሃ በሚያክሙት ላይ ነበር። ኮንግረስ በ2016 ሕግ አውጥቶ፣ ከ2019 የበጀት ዓመት ጀምሮ ሆስፒታል ከአቻው ጋር እንዲወዳደር የተደረገው ለዚህ ነው። ትከሻ እዚያ ዝርዝር ውስጥ የለም። ነገ ግን አይገባም የሚል ማን ነው?

ቁጥር አዋቂ (ሲያትል)፦
አንድ ነገር እንለይ። ዕድሜን ማስተካከል ሌላ፣ ኢንሹራንስን ማስተካከል ሌላ። የ80 ዓመት ሰው ከ60 ዓመት ሰው ጋር አይወዳደርም፤ እሺ። ኢንሹራንስ ግን ልዩነቱ የሚመጣበት መንገድ ራሱ ነው። እሱን ከሂሳቡ አውጥተው “ካስተካከልን በኋላ ልዩነት አላገኘንም” ብለው ሲጽፉ፣ የተናገሩት ልዩነቱ በየት በኩል እንደመጣ ነው። ሰው ግን ማጠቃለያዋን ብቻ አንብቦ “አየህ፣ ልዩነት የለም” ይላል። በ2022 ከ65 ዓመት በታች ካሉት ሂስፓኒኮች 18 በመቶ ገደማ ኢንሹራንስ አልነበራቸውም። ከነጮቹ 7 በመቶ ገደማ። ይህን አውጥታችሁ ስለምን ልትከራከሩ ነው?

ጋሼ (ሲልቨር ስፕሪንግ)፦
ልጆች፣ መጀመሪያ ነገሩ አለ ወይ? በ2019 አንድ ሂስፓኒክ ይኖራል ተብሎ የሚጠበቀው አማካይ ዕድሜ 81.9 ነበር። የነጩ 78.8። ድሃ ናቸው፣ ኢንሹራንስ የላቸውም ትላላችሁ፤ እነሱ ግን ከሀብታሞቹ በላይ ይኖራሉ። ሁለተኛ፣ ሂስፓኒክ የሚባል አንድ ሕዝብ የለም። ማያሚ ያለው ኩባዊ ዶክተርና ስፓኒሽ እንኳ አፉን ያልፈታበት የጓቲማላ ማያ አንድ ሳጥን ውስጥ ይገባሉ። ሳጥኑን መንግሥት ነው በ1977 ያወጣው። እኛስ ሆስፒታል ስንሄድ የት ላይ ነው ምልክት የምናደርገው? የልጅ ልጄ ስድስት ትውልድ አትላንታ ከኖረ ሰው ጋር “ጥቁር” ተብላ አንድ ቁጥር ናት። ከዚህ ምን ይገኛል?

ሲስተር፦
ጋሼ፣ ረጅም ዕድሜ ላለቀ ትከሻ ምን ይፈይዳል? እንዲያውም ብዙ ዓመት ያማቸዋል ማለት ነው። በሳጥኑ ጉዳይ ግን ልክ ነዎት። ፖርቶ ሪኳዊው የአሜሪካ ዜጋ ነው። ከሆንዱራስ ከመጣ የቀን ሠራተኛ ጋር መደመሩ ለሁለቱም አይጠቅም።

ፊዚዮ (ሎስ አንጀለስ)፦
እኔ ሰውየውን የማገኘው ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ስለሆነ ከዚያ ልነሳ። ሪቨርስ የተሠራለት ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ክንዱን በማንጠልጠያ ይይዛል። በነዚያ ሳምንታት ሁለት ነገር አጥብቀን እንከለክላለን። ከወንበር ሲነሳ በዚያ እጁ መደገፍ። እጁን ወደ ኋላ ልኮ ሸሚዙን ሱሪው ውስጥ ማስገባት። መገጣጠሚያው ሊወልቅ የሚችለው እንዲህ ሲደረግ ነው።

አንድ ሴራሚክ የሚያነጥፍ ታካሚ ነበረኝ፤ ስልሳን የዘለለ ሰው ነው። መመሪያው በእንግሊዝኛ ታትሞ ተሰጥቶታል። ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፎ ደረት ኪሱ ከቶታል። “ገብቶሃል?” ስለው “ሲ፣ ሲ” ይለኛል። ከዚያ ሊነሳ ሲል እዚያው ፊቴ በተሠራው እጁ ተደገፈ! ደግነቱ አልወለቀም። ቀዶ ሕክምናውን ሲፈርም አስተርጓሚ ነበረው። እኛ ጋ ሲመጣ አልነበረውም። ጥቂት ቀጠሮ መጣና ቀረ። ለየቀጠሮው ከኪሱ የሚከፍለው አለ፣ ቀኑንም ከሥራ ይቀራል። በኋላ የትከሻው ውጤት የሚለካበትን መጠይቅ ሲሞላ ነጥቡ ዝቅ አለ። እስቲ ይሄ በማን ይጻፍ?

መጠይቁ ራሱ ደግሞ አንዳንዴ ያስቀኛል። ከ100 ነው የሚታረመው። ግማሹ ሕመም ነው። ግማሹ ኮት ትለብሳለህ ወይ፣ ፀጉርህን ታበጥራለህ ወይ፣ ከፍ ያለ መደርደሪያ ትደርሳለህ ወይ፣ ኳስ ከራስህ በላይ አድርገህ ትወረውራለህ ወይ ይላል። የዘወትር ስፖርትህንስ? ሰውየው ዕድሜውን ሙሉ ሲሚንቶ ተሸክሞ ነው የኖረው። እስክሪብቶውን ይዞ አየኝ፣ እኔም አየሁት። ባዶ ተወው አልኩት።

አስተርጓሚዋ (ዲሲ)፦
ፊዚዮ፣ ያልከው ነገር በኛም ሰዎች ላይ በየቀኑ አለ። እኔ በአማርኛ ነው የማስተረጉመው። ዲሲ በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ሕግ የተነሳ የከተማው መሥሪያ ቤቶች ዋና ዋና ወረቀቶችን በአማርኛም ያዘጋጃሉ። ሆስፒታል ውስጥ ግን የምጠራው ለፊርማው ነው። ከፊርማው በኋላ ልጅ ያስተረጉማል። የ12 ዓመት ልጅ ለእናቷ ስለ ኢንፌክሽን ስታስረዳ አይቻለሁ። ይሄ ክልክል ነው! በ2010 የጤና ሕግ (ኦባማኬር በሚባለው) ክፍል 1557 ደንብ መሠረት ሕፃን ልጅን ለአስተርጓሚነት መጠቀም የሚቻለው በአስቸኳይ ሁኔታ ብቻ ነው። በማርች 2025 እንግሊዝኛ የአገሪቱ ይፋዊ ቋንቋ ነው ተብሎ፣ እንግሊዝኛ ለማይችሉ ሰዎች የቋንቋ እርዳታ እንዲሰጥ ክሊንተን በ2000 የፈረሙት ትእዛዝ ሲሻር ብዙ ሰው አስተርጓሚ ቀረ ብሎ ነበር። የተሻረው ትእዛዙ ነው፤ ሕጉ አለ። ጠይቁ።

ስለዚህ የኔ ድምፅ እንዲህ ነው። ታካሚው ኢንሹራንስ ስለሌለው ሆስፒታሉን አልወቅስም። አስተርጓሚ መቅጠር ግን የራሱ ሥራ ነው። ቋንቋን “አስተካክላችሁ” ነፃ እንዳታወጡት።

ዶክተር (ኦርቶፔዲክስ፣ ኦሃዮ)፦
ተረኛ ስለሆንኩ አሳጥራለሁ። እንዳለ ይውጣ የምትሉ ኒው ዮርክን አስታውሱ። ግዛቲቱ በ1991 የልብ ባይፓስ (ለተዘጋ የልብ ደም ሥር የሚሠራ ቀዶ ሕክምና) ውጤትን በሐኪም ስም ይፋ ማውጣት ጀመረች። ከዚያ ባይፓስ በማግኘት ረገድ በነጮችና በጥቁሮች፣ እንዲሁም በነጮችና በሂስፓኒኮች መካከል የነበረው ልዩነት ሰፋ። በ2005 የታተመ ጥናት ነው ያሳየው። ሐኪም ስሙ ከተለጠፈ፣ ቁጥሬን ያበላሽብኛል ያለውን ታካሚ ይሸሻል።

ትከሻ ላይ ደግሞ መሸሻው ዝግጁ ነው። የሦስት ወር የስኳር አማካይህ ከ8 በላይ ከሆነ አልሠራልህም የሚል ሐኪም ብዙ ነው። በውፍረትም እንዲሁ። ምክንያቱ የውሸት አይደለም። ስኳር ከፍ ሲል ኢንፌክሽን ይበዛል፤ የተበከለን መገጣጠሚያ ደግሞ አውጥቶ እንደገና መቀየር ሊያስፈልግ ይችላል። ቢሆንም ስኳር በሂስፓኒኮች ላይ ስለሚበዛ በሩ በብዛት የሚዘጋው በነሱ ላይ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ማንም አላነሳም። ሐኪሙ በዓመት ስንት ትከሻ ይሠራል? ብዙ የሚሠራ ሐኪም ጋ ችግሩ ይቀንሳል። እነዚህ ታካሚዎች ግን ብዙ ጊዜ የሚደርሱት ጥቂት የሚሠራበት ሆስፒታል ነው።

ቁጥር አዋቂ፦
ዶክተር፣ የኒው ዮርኩን ጨርሰው ይንገሩን እንጂ። ያው ጥናት ልዩነቱ ከጊዜ በኋላ ወደ ነበረበት እንደተመለሰም ይናገራል።

ዶክተር፦
ተመልሷል። በመሃል ቀዶ ሕክምና የተከለከለውን ሰው ግን ማን መለሰው?

አወያዩ፦
ዶክተር ያነሱት አስፈርቶኛል፣ ግን አቋሜን አያስለቅቀኝም። ኒው ዮርክ የተቆጠሩት የተሠራላቸው ናቸው፤ ሳይሠራላቸው የተመለሱት በዚያ ሰንጠረዥ ላይ አይታዩም። እንግዲያው ትከሻውን ሊታይ ከመጣው ሰው ስንቱ እንደተሠራለትም በብሔረሰብ ተለይቶ አብሮ ይውጣ። ያኔ መሸሽም ይታያል። ስኳርና የአጥንት መበላት ይስተካከል፤ በዚህ ሲስተርን እሰማለሁ። አስተርጓሚ፣ የፊዚዮቴራፒ ቀጠሮ፣ ልምድ ያለው ሐኪም፤ እነዚህ አይስተካከሉ።

ጋሼ፦
ይኸው፣ ዞራችሁ ዞራችሁ እንደገና ሳጥን።

አስተርጓሚዋ፦
ጋሼ፣ ሳጥኑ ካነሰዎት የሚናገሩትንም ቋንቋ አብሮ ማጻፍ ነው። የጓቲማላው ሰውዬም ይለያል፣ እኛም እንለያለን።

ሲስተር፦
የተመለሰውን ማን ይቆጥራል? ችግሩ እኮ እሱ ነው። “ስኳርህን አስተካክለህ ና” ተብሎ የሄደ ሰው መዝገቡ ላይ የሚጻፍለት “ክትትሉን አቋረጠ” ነው። ስኳሩን የሚያይለት ሐኪም አጥቶ ነው ለማለት ፎርሙ ላይ ቦታ የለም።

ዶክተር፦
እሱን ቦታ ለመጨመር ኮንግረስ አያስፈልግም። ሐሙስ የክፍላችን ስብሰባ አለ፤ አነሳዋለሁ። እምቢ ካሉ ምክንያታቸውን እዚሁ እጽፍላችኋለሁ።