አልበም ስንመዝን የምንላቸው ቃላት፦ «ለዛ»፣ «ወዝ»፣ «አንጀት ይበላል»

የጣና ልጅ፦
ሰላም ቃል ወዳጆች፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ጥያቄዬ ከሙዚቃ ቢነሳም የቋንቋ ጥያቄ ነው። እዚህ ባሕር ዳር አዲስ አልበም በወጣ ቁጥር ጓደኛሞች ተሰብስበን እናወራበታለን። ከሥራ በኋላ ጣና ዳር አሳ ቤት ቁጭ እንላለን። እያንዳንዱ ሰው ከ10 ነጥብ ይሰጣል። ከዚያ ክርክር ነው። ሰሞኑን አንዱ 9 ሰጠ፣ ሌላው 4 ሰጠ። የሚገርመው የሁለቱም ምክንያት አንድ ቃል ነው። አንደኛው «ለዛ አለው» ይላል፤ ሌላው «ለዛ ቢስ ነው» ይላል። ተጨቃጨቅን፣ ተጨቃጨቅን። ቆይቶ ሲጣራ የመጀመሪያው የሚያወራው ስለ ዘፋኙ አዘፋፈን ነው። ሁለተኛው ደግሞ ስለ ቅንብሩ ነው። ለመሆኑ ለዛ የማን ነው? የድምፅ ነው፣ የዜማ ነው፣ ወይስ የሁሉም?

ሌላም አለኝ። ውጭ አገር ያደገ የአጎቴ ልጅ አብሮን ነበር። አንዷ ጓደኛችን «አምስተኛው ዘፈን አንጀት ይበላል» ስትል፣ «እንዲህ ካስጠላሽ ለምን 8 ሰጠሽው?» አላት። ልናስረዳው ሞከርን፤ አልሆነልንም። እስቲ እርዱኝ።

ባለ ክራር፦
ወንድሜ፣ ጥሩ ነገር ነው ያነሳኸው። ስለ አልበም ስንከራከር ግማሹ ጠብ የጆሮ አይደለም፣ የቃል ነው። አንዱን ቃል ሁላችንም እንጠቀምበታለን፣ ግን እያንዳንዳችን የተለያየ ነገር ላይ እናውለዋለን።

ለዛ ከመነሻው የአነጋገር ነው። «ጨዋታው ለዛ አለው» እንላለን። ያው ወሬ በአንዱ አፍ ያስቃል፣ በሌላው አፍ ያሰለቻል። ወሬው አልተለወጠም፤ የተለወጠው የሚያወራው ሰው ነው። ወደ ዘፈን ሲሻገርም ከሰው አይርቅም። ዘፋኙ ቃሉን የቱ ጋ እንደሚያረግበው፣ የቱ ጋ ትንሽ ይዞ እንደሚለቀው፣ ስንኙን ሲጨርስ እንዴት እንደሚያሳርፈው፤ ለዛ ያለው እዚያ ነው። መሰንቆም ለዛ አለው ይባላል፤ ልክም ነው። አንድ የፈረስ ጭራ ክር ነው ያለው፤ ያንኑ ይዞ የሰውን ድምፅ እየተከተለ ይናገራል። በኮምፒውተር የተሠራ ምት «ለዛ አለው» ሲባል ግን ጆሮዬን ይቆረቁረኛል። ምቱ ሸጋ ሊሆን ይችላል። ይደምቃል፣ ይሞቃል፣ ያስነሳል በሉት። ለዛ ግን የተጫዋቹ ነው። በእኔ ፍርድ 9 የሰጠው ጓደኛህ ቃሉን በቦታው አውሎታል። 4 የሰጠው ሊል የፈለገው «ቅንብሩ ደረቅ ነው» ነው። ሁለቱም እውነታቸውን ሊሆን ይችላል። አንድ ቁጥር ውስጥ ድምፁንም፣ ዜማውንም፣ ግጥሙንም፣ ቅንብሩንም ስታጭቀው እንዲህ ያጣላል።

ከለዛ ጋር የሚምታታው «ወዝ» ነው። ወዝ ላብ ነው፤ «ወዛደር» የምንለው በወዙ የሚያድረውን ነው። ፊት ላይ የሚታየው ቅባት መሳይ ልስላሴም ወዝ ይባላል። «ድምፁ ወዝ አለው» ሲባል ደረቅ አይደለም፣ የሞላ ነው፣ ጤና ያለው ነው ማለት ነው። ወዝ የተፈጥሮ ነው፤ ለዛ ግን የአያያዝ ነው። ወዛም ድምፅ ይዘው ለዛ የሌላቸው ዘፋኞች አሉ። ድምፃቸው ያምራል፤ ዘፈኑ ሲያልቅ ግን ልብህ ውስጥ የቀረ ነገር የለም። የተገላቢጦሹን ማየት ከፈለግህ ማታ አዝማሪ ቤት ግባ። ሌሊቱን ሙሉ ሲዘፍን የሚያድር ሰው ድምፁ ይሻክራል፣ ወዙ ያልቃል። አንዲት ስንኝ ጣል ሲያደርግ ግን ቤቱ በሙሉ ያጨበጭባል። ያ ለዛ ነው። እኔ ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ብባል ለዛን ነው የምመርጠው፤ በዚህ አልደራደርም።

አሁን ወደ አንጀት ልምጣ። ለአጎትህ ልጅ እንዲህ በለው፦ በአማርኛ ርኅራኄም፣ ናፍቆትም፣ እርካታም አንጀት ውስጥ ነው የሚኖረው። ስለዚህ «አንጀት ይበላል» ውዳሴ ነው። ግን የትኛውም ውዳሴ አይደለም። የሚያሳዝን፣ የሚያራራ፣ ሆድ የሚያስብስ ዘፈን ነው አንጀት የሚበላው። ደስ የሚል የሠርግ ዘፈን አንጀት አይበላም። ከጥም በኋላ እንደሚጠጣ ውኃ የሚያረካው ደግሞ «አንጀት ያርሳል» ይባላል። ስትጠብቀው የቆየኸው ዘፋኝ ከዓመታት በኋላ መጥቶ የጠበቅኸውን ሲሰጥህ «አንጀቴን አራሰው» ትላለህ። «አንጀቴን አሳረረው» ካልክ ግን ተናደሃል፤ ያ 4 የሚያሰጠው ነው። አንድ አንጀት፣ ሦስት ፍርድ።

የዘጌዋ፦
ጋሼ ባለ ክራር፣ እናመሰግናለን። እኔን ሁልጊዜ የሚያደናግረኝ «ትዝታ» ነው። አንድ ሰው «አልበሙ ትዝታ በዝቶበታል» ብሎ ነጥብ ሲቀንስ አየሁ። የምን ትዝታ ነው የበዛው? ዘፈኖቹ ያለፈ ፍቅር የሚያስታውሱ ናቸው ማለቱ ነው ወይስ ሌላ?

ባለ ክራር፦
እህቴ፣ ጥያቄሽ ልክ ነው፤ ቃሉ ሦስት ቦታ ይሠራል። አንዱ የሁላችንም ትዝታ ነው፣ ማስታወስ። ሁለተኛው «ትዝታ» ተብሎ የሚታወቀው የዘፈን ዓይነት ነው፤ እያንዳንዱ ዘፋኝ የራሱን ስንኝ እየጨመረ የሚያንጎራጉረው። ሦስተኛው ቅኝቱ ነው፤ ዜማው የሚሠራባቸው ድምፆች አሰላለፍ። ዋናዎቹ ቅኝቶች ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ ናቸው፤ እያንዳንዳቸው በአምስት ድምፅ ይቆማሉ። ባቲና አምባሰል የወሎ ቦታዎች ስምም ናቸው። ስለዚህ «ሦስተኛው ዘፈን ባቲ ነው» ሲባል ስለ ከተማዋ ተዘፈነ ማለት አይደለም።

በትዝታ ቅኝት የተሠራ የሠርግ ዘፈን ሊኖር ይችላል። በባቲ ቅኝት የተዘፈነ ያለፈ ፍቅርም ሞልቷል። ያ ሰው አድማጭ ብቻ ከሆነ ስለ ጭብጡ ነው ያወራው። መሣሪያ የሚጫወት ከሆነ ግን «አልበሙ ከአንድ ቅኝት አልወጣም» ማለቱ ነው፤ ይህ ከበድ ያለ ወቀሳ ነው። አስር ዘፈን በአንድ ቅኝት ከሆነ ግጥሙ ቢለያይም ጆሮ ይሰለቻል።

«ቅኝት» ራሱ የሚወደድ ቃል ነው። ቃኘ ማለት ዞሮ አየ፣ ሰለለ ማለት ነው፤ ክራር አስተካከለ ማለትም ነው። ክራር ስቃኝ የማደርገው እሱኑ ነው። አንዱን ክር ነካ አድርጌ ሌላውን እሰማለሁ፤ ሁሉንም ዞሬ አያለሁ።

የዘጌዋ፦
«ጆሮ ገብ» እና «ጆሮ ጠገብ»ስ? አንድ ልጅ ዘፈኑን «ጆሮ ጠገብ ነው» ሲል ሰምቼ ዝም አልኩ።

ባለ ክራር፦
ዘፈኑ ጆሮ ገብ ነው። ጆሮ ጠገብ ሰው ነው፤ ፊደል ባይቆጥርም ከአዋቂዎች ሰምቶ ብዙ ያወቀ። ጆሮ ገብ ሲባልም ጥሩ ነው ማለት ብቻ አይምሰልሽ። ቶሎ ይያዛል ማለት ነው። ቶሎ የተያዘ ቶሎ ሊለቅም ይችላል።

ቅኔ ተማሪ፦
እኔ ደግሞ በግጥም በኩል ልምጣ። የአሁን አድማጭ አንድ ስንኝ ትንሽ ከጠለቀችበት «ሰምና ወርቅ ነው» ይላል። ሁሉም ወርቅ ሆነ። መሪጌታ፣ እርስዎ ካሉ እባክዎ ይፍረዱን።

መሪጌታ፦
እንደምን ሰነበታችሁ ልጆቼ። ጎጃም ውስጥ ሆናችሁ፣ የታወቁት ቅኔ ቤቶች የዋሸራ፣ የጎንጅና የዲማ ጊዮርጊስ አገር ላይ ሆናችሁ ይህን መጠየቃችሁ ደስ ይላል።

ሰምና ወርቅ የወርቅ አንጥረኛ ሥራ ነው። አንጥረኛው መጀመሪያ በሰም ቅርጹን ያበጃል። በጭቃ ይሸፍነዋል። ሰሙን አቅልጦ ያወጣና በቦታው ወርቁን ያፈሳል። ስለዚህ ሰሙ ራሱ የተሟላ ቅርጽ ሊኖረው ይገባል። ዘፈን ውስጥ የላይኛው ትርጉም ካልቆመ፣ የታችኛውን ብቻ ፈልጉ ከተባለ፣ ያ ሰምና ወርቅ አይደለም፤ ድብቅ ነገር ነው። ምሳሌ ይሁናችሁ ብዬ ይህችን ገጠምኩ፦

ጣና ዳር ቁጭ ብዬ ስጠብቅ ስጠብቅ፣
አባይ መሄድ እንጂ መች ያውቃል ዞሮ ብቅ።

ሰሙን ባሕር ዳር ያለ ሰው ሁሉ ያየዋል። አባይ እዚህ ከጣና ወጥቶ ይሄዳል፣ አይመለስም። ወርቁ ደግሞ «አባይ» ውሸታም ማለት በመሆኑ ነው፤ አባይ ሚዛን እንደምንለው። የምትጠብቀው ሴት ወንዙን አይደለም የምትወቅሰው። ቁልፉ አንድ ቃል ነው፤ ያን ቃል ኅብር እንለዋለን። እንግዲህ በአልበም ውስጥ እንዲህ ያለ ስንኝ ስታገኙ ቃሉን ጠቁማችሁ አሳዩ። «ይህ ቃል ሁለት ነው» ማለት ካልቻላችሁ ወርቅ አለው አትበሉ። ግጥሙ ጥልቅ ነው፣ ምሳሌያዊ ነው በሉ። ይህም ክብር ነው።

ቅኔ ተማሪ፦
የኔታ፣ እግዜር ይስጥልኝ። አንድ ነገር ልጨምር። የቻግኒዋ እጅጋየሁ ሽባባው፣ ጂጂ፣ በ2006 እ.ኤ.አ. ያወጣችው አልበም ስሙ በእንግሊዝኛ «ጎልድ ኤንድ ዋክስ» ነው፤ ወርቁ ቀድሟል። እኛ ግን ሰሙን እናስቀድማለን። የእኛ ቅደም ተከተል የአሰማማችን ነው፤ መጀመሪያ የሚሰማው ሰሙ ነው፣ ወርቁ ቆይቶ ነው የሚገኘው። ለዚህም ነው አልበም በወጣ ማግስት ስለ ግጥም የሚሰጥ ነጥብ የማላምነው።

ሸክላ ሰብሳቢ፦
ማንም ያላነሳው ቃል አለ፤ «አልበም» ራሱ። እናቴ እስከ ዛሬ «እገሌ ካሴት አወጣ» ነው የምትለው። ካሴት የሚባል ነገር ገበያ ላይ ከጠፋ ቆይቷል፤ ቃሉ ግን አልሞተም። ከዚያ በፊት «ሸክላ» ነበር። በሸክላው ዘመን አብዛኛው የአማርኛ ዘፈን የሚወጣው በትንሿ ሸክላ ነው፤ በአንዱ ፊት አንድ ዘፈን፣ በሌላው ፊት አንድ ዘፈን። ሙሉ አልበም ነበረ፣ ግን ጥቂት ነው። ሰው «ሸክላውን ሰማሁት» ሲል ሁለት ዘፈን ሰማሁ ማለቱ ነው። አንድን ዘፋኝ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በቅደም ተከተል የመስማት ልማድ የተስፋፋው በካሴት ነው። ካሴት ዘፈን ለመዝለል አይመችም፤ የማትወደውንም ትሰማለህ፣ ከጊዜ በኋላም ትወደዋለህ። «ሦስተኛውን ዘፈን መጀመሪያ ጠልቼው ነበር» የሚል ሰው የካሴት ዘመን ሰው ነው።

አሁን አንድ ልጅ «አልበሙን ሰማሁት፣ 5 ነው» ሲለኝ መጀመሪያ የምጠይቀው «ስንቱን ዘፈን ሰማህ?» ብዬ ነው። ሁለት ሰምቶ ከሆነ የሰማው ነጠላ ዜማ ነው። ይህን የምለው ወጣቱን ለመውቀስ አይደለም። ስልክ ለየብቻ ነው የሚያቀርበው። ግን ሙሉውን ያልሰማ ሰው ለሙሉው ነጥብ ባይሰጥ ደስ ይለኛል፤ አንድ አልበም ሰው ዓመታት የለፋበት ነው።

የጣና ልጅ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ለጓደኞቼ አነብላቸዋለሁ። አንድ የመጨረሻ፦ ድምፅ የሌለበት፣ መሣሪያ ብቻ የሆነ አልበምስ? የሙላቱ አስታጥቄን ኢትዮ ጃዝ ስንሰማ አንዱ «ዘፈኑ» እያለ ሲያወራ ሌላው «ዘፈን አይደለም» አለው። ያ ሥራ በ1998 እ.ኤ.አ. በ«ኢትዮፒክስ» የአልበም ተከታታይ 4ኛ ቅጽ ከወጣ በኋላ አማርኛ የማይሰማ ሰው ሁሉ ወዶታል። እኛ በምን ቃል እንመዝነው?

ሸክላ ሰብሳቢ፦
«ሙዚቃ» በለው፤ ዘፈን አፍ ይፈልጋል።

መሪጌታ፦
በዛሬው አማርኛ እንዳልከው ነው። በግዕዝ ግን «ዘፈነ» ማለት ጨፈረ ማለት ነው። ስለዚህ ያ ሙዚቃ ትከሻ ካስነቀነቀ፣ በጥንቱ ትርጉም ዘፈን ያለው ሰው ጥፋት የለበትም።

ባለ ክራር፦
መሪጌታ እንዳሉት ነው። ለዚያ ዓይነት ሥራ ግጥሙንና ድምፁን እርሱትና ሦስት ነገር ጠይቁ። ቅኝቱ የቱ ነው? አንዱን መሣሪያ ከሌላው ጋር እንዴት አነጋገረው? መሪው መሣሪያ ለዛ አለው ወይ? አዎ፣ እዚህ ለዛ ይሠራል፤ የሚነፋው ወይም የሚመታው ሰው ነውና።