ግማሽ ላይ የቆመ የትራፊክ መብራት ማሻሻያ፦ ለባሕር ዳር ቀሪው ከየት ይጀመር፣ ገንዘቡስ?

ጠያቂ፦ ጣና_ዳር

ሰላም ወገኖች። እንበልና 10 መስቀለኛ መንገድ ያለው የትራፊክ መብራት ማሻሻያ ተጀምሮ ገንዘቡ መሀል ላይ አለቀ። 4ቱ ሙሉ በሙሉ ታድሰዋል። 3ቱ ላይ ኤልኢዲ መብራት ተገጥሞ ኮንትሮለሩ (መብራቶቹን በተራ የሚያበራው መሣሪያ) አሮጌው ነው። 3ቱ ገና አልተነኩም። ካሜራና ማዕከላዊ መቆጣጠሪያ ክፍል ወረቀት ላይ ነው ያለው። ቁጥሩን ለስሌት ወሰድኩት እንጂ ከተማዋ ይህን ያህል አላት ማለቴ አይደለም። የቀረውን ግን ታውቁታላችሁ፤ መንገዱ ባጃጅና ብስክሌት ነው፣ አፈሩ ዋልካ ነው፣ ክረምቱም ክረምት ነው። በእጅ ባለው ገንዘብ ከየት ይጀመር? የጎደለውስ ከየት ይሞላ? «መጀመሪያ ማዕከሉ ይሠራ» የሚል ወገንም አለ።

መልስ 1፦ ካቢኔ_ከፋች

ከ3ቱ ግማሽ ጅምሮች ይጀምሩ፤ ያልተነኩት ይቆዩ። ግማሽ የታደሰ መስቀለኛ ካልታደሰው ይከፋል።

አሮጌ ኮንትሮለር አምፖል መቃጠሉን የሚያውቀው በሚስበው ከረንት ነው። የድሮው አምፖል ከ60 ዋት በላይ ይስባል፣ ኤልኢዲው 10 ዋት ገደማ። ኮንትሮለሩ ያቺን ትንሽ ከረንት ሲያይ «ቀዩ ተቃጥሏል» ብሎ መስቀለኛውን በሙሉ ወደ ብልጭ ድርግም ቢጫ ይጥለዋል። ከዚያ ኤልኢዲው ተበላሸ ተብሎ ሌላ ይገዛል፤ አዲሱም ያንኑ ያደርጋል። አንዳንድ ጠጋኝ ደግሞ ክትትሉን ራሱን ያጠፋዋል። ይሄ በፍጹም አይደረግም፤ ቀይ የጠፋበት ሾፌር መንገዱ የኔ ነው ብሎ ይገባል። በትይዩ ሬዚስተር ማሰር ለጊዜው ያስታግሳል፣ ግን ይግላል፣ የቆጠቡትንም መብራት ይበላል። መፍትሔው ኮንትሮለሩን መቀየር ነው። ሲረከቡ አብረው መብራት የሌለባቸውን የሁለት ተሻጋሪ አቅጣጫ አረንጓዴዎች መውጫ በሽቦ ያገናኙና ይዩት፤ በግማሽ ሰከንድ ውስጥ ወደ ብልጭታ ካልወደቀ አይፈርሙ።

ቀጥሎ መሬት ውስጥ ያለው ነው፤ ፎቶ ስለማይነሳ ማንም አያየውም። ዋልካ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ ምሰሶ ሲያዘም ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የእሱ ነው። በመሠረቱ ዙሪያና ሥር ያለው ዋልካ ወጥቶ በገረጋንቲ ይተካ፣ በየ20 ሴንቲ ሜትሩ ይጠቅጠቅ። አስፋልት የሚያቋርጠው ቱቦ 110 ሚሊ ሜትር ሆኖ ሁለት ይቀበር፤ አንዱ ከነመጎተቻ ገመዱ ባዶ ይቀመጥ። ሐይቁ ዳር ውሃው ቅርብ ስለሆነ ማንሆሉ ከሐምሌ እስከ መስከረም ይሞላል፤ ከታች ጠጠር ቢደረግም ይሞላል። ስለዚህ ማንሆል ውስጥ የኬብል ቅጥያ አይፈቀድ። ከካቢኔው (ኮንትሮለሩ ካለበት ሳጥን) እስከ ምሰሶው ተርሚናል ሳጥን አንድ ወጥ ኬብል ይሂድ። ቴፕ የተጠቀለለበት ቅጥያ አንድ ክረምት ቢችል ነው።

ግራውንዲንጉ (ኤሌክትሪኩን ወደ መሬት የሚያወርደው መስመር) ከ10 ኦም በታች ይሁን፣ የሚለካውም በመጋቢት ይሁን። በነሐሴ እርጥብ ዋልካ ላይ የሚለካ ቁጥር ሁልጊዜ ያማረ ነው፤ በበጋ ግን ይከዳል። የመብረቅ መከላከያው በኃይል መስመሩ ላይ ብቻ ሳይሆን በዳታ መስመሩም ላይ ይግባ፤ ካሜራና ሞደም የሚቃጠሉት አብዛኛውን ጊዜ በዚያ በኩል ነው።

ለመብራት መጥፋት፦ አንድ ባለ 4 አቅጣጫ መስቀለኛ በኤልኢዲ ከነኮንትሮለሩ 300 ዋት አካባቢ ይወስዳል። ባለ 12 ቮልት፣ 100 አምፒር ሰዓት ባትሪ 4 ፍሬ ሲደመር 4.8 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። ግማሹን ብቻ ተጠቅመው የኢንቨርተሩን ብክነት ሲያነሱ 6 ሰዓት ከምናምን ያገኛሉ። ባትሪውን ግን ፀሐይ የሚመታው ካቢኔ አናት ላይ አያስቀምጡት። ሙቀቱ ከ25 ዲግሪ በ10 ዲግሪ ባለፈ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ ይቀንሳል።

መልስ 2፦ ቀይ_ቢጫ_አረንጓዴ

ስለ ዕቃው ከላይ የተባለው ይበቃል። እኔ ወደ ሰዓቱ ልግባ፤ እዚህ ላይ ባሕር ዳር ከሌላው ትለያለች።

ብስክሌቱን እንውሰድ። ወርዱ 30 ሜትር የሆነ መስቀለኛ ላይ በ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚሄድ መኪና በ2 ሰከንድ ከምናምን ይሻገራል። በሰከንድ 4 ሜትር የሚሄድ ብስክሌተኛ ግን 7.5 ሰከንድ ይፈልጋል። የተለመደው 3 ሰከንድ ቢጫና 2 ሰከንድ «ሁሉም ቀይ» (በሁሉም አቅጣጫ ቀይ የሚበራበት ጊዜ) ተደምሮ 5 ነው። አረንጓዴው ሊያልቅ ሲል የገባው ብስክሌተኛ መሀል ላይ እያለ በጎን ያለው ይለቀቃል። ሰፊዎቹ ላይ ሁሉም ቀዩን ወደ 4 ሰከንድ ያሳድጉ፤ ለብስክሌትም ከመኪናው ፊት የተለየ የማቆሚያ መስመር ይቀባ። ፊት ቆሞ ቀድሞ ሲወጣ የመጨረሻውን ሰከንድ አይሻማም።

እግረኛ፦ 14 ሜትር መንገድ በሰከንድ 1.2 ሜትር ሲሰላ 12 ሰከንድ ይፈልጋል። ገበያ አካባቢ ሸክም ያለበት ሰው ስለሚበዛ በ1 ሜትር አስልተው 14 ያድርጉት።

የዙሩን (መብራቱ ሁሉንም አቅጣጫ አዳርሶ የሚመለስበትን ጊዜ) ርዝመት ዌብስተር በሚባለው የመብራት ሰዓት ቀመር ያውጡ። በአንድ ዙር የሚባክነው ጊዜ በ1.5 ይባዛ፣ 5 ይደመር፤ ያ ከ1 ላይ የመንገዱ ጭነት (የሚመጣው ተሽከርካሪ ማለፍ ለሚችለው ተካፍሎ) ተቀንሶ ለሚቀረው ይካፈል። ብክነቱ 12 ሰከንድ፣ ጭነቱ 0.7 ቢሆን 23 ለ0.3፣ ማለትም 77 ሰከንድ ይመጣል። ጭነቱ 0.9 ቢደርስ 230 ሰከንድ ይመጣል፤ ያን ያህል የሚጠብቅ የባጃጅ ሾፌር የለም። እንዲህ ያለው ቦታ የሚፈልገው የግራ መታጠፊያ መስመር ነው፤ መብራት ብቻውን አያድነውም። ቆጠራው ላይ ባጃጅን እንደ ሙሉ መኪና አይቁጠሩት፣ አይዝለሉትም፤ አንድ ባጃጅ የመኪና ስንት እጅ እንደሚሆን እዚያው መንገድ ላይ ለክተው ያውጡ።

አረንጓዴ ማዕበል፣ ማለትም ተከታታይ መስቀለኞች ለሚሄደው በተራ አረንጓዴ እንዲያበሩ ማድረግ፣ ከታሰበ (በዩኒቨርሲቲው ፔዳ ግቢ በኩል ወይም ወደ አባይ ድልድይ በሚወስደው) ለ30 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ያስተካክሉት። በ400 ሜትር ርቀት በ40 ሲሰላ የሁለቱ መስቀለኞች አረንጓዴ የሚበራበት ልዩነት 36 ሰከንድ ነው፣ በ30 ደግሞ 48። በ40 ከተሠራ ባጃጁ ሁሉ የሚደርሰው ቀይ ላይ ነው። በግንቦት 2016 የተመረቀው አዲሱ ድልድይ 380 ሜትር ርዝመት፣ 43 ሜትር ስፋት አለው፤ ብዙ መኪና በአንዴ ስለሚያሳልፍ ወረፋው የሚታየው ድልድዩ ላይ ሳይሆን ከእሱ ቀጥሎ ባለው መስቀለኛ ነው። ቆጠራውን እዚያ ያድርጉ።

መልስ 3፦ የጨረታ_ሰነድ

ገንዘቡን በተመለከተ። ማደሻውና ማቆያው አንድ ቋት አይደሉም፤ ብዙ ዕቅድ የሚወድቀው ሁለቱን በማደባለቅ ነው። ምሰሶ፣ ኮንትሮለርና ቁፋሮ የካፒታል በጀት ነው፤ ከማዘጋጃ ቤት ገቢ፣ ከክልል ወይም ከፕሮጀክት ብድር ይመጣል። ባትሪ፣ መለዋወጫ፣ የሲም ካርድ ክፍያ፣ የመብራት ቆጣሪና የቴክኒሻን ደመወዝ ግን በየዓመቱ የሚመለሱ ናቸው። የመንገድ ፈንድ በ1989 በአዋጅ ሲቋቋም ለጥገናና ለመንገድ ደኅንነት ነው፤ ለአዲስ ግንባታ አይጠየቅም፣ ለተሠራ መብራት ጥገና ግን የሚያስኬድ ክርክር አለ። የዓመቱ የጥገና መስመር በመደበኛ በጀት ላይ ሳይጻፍ 8ኛውን መስቀለኛ አይክፈቱ።

የቀን መቁጠሪያው ደግሞ ጠላት ነው። በጀት ሐምሌ 1 ይከፈታል፣ ያኔ ዝናብ ነው፣ ዋልካ አይቆፈርም። ሰኔ 30 ይዘጋል፣ ያልተከፈለው ይመለሳል። የዕቃው ጨረታ በክረምቱ ካልወጣ ቁፋሮው ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ያለውን ደረቅ ጊዜ ያመልጠዋል። ሥራውን በሁለት ሎት (የጨረታ ክፍል) ይክፈሉት፤ ሲቪሉ (ቱቦ፣ መሠረት፣ ማንሆል) በብር ለአገር ውስጥ ኮንትራክተር፣ ዕቃው ከነተከላው ለብቻ። ሲቪሉ የውጭ ምንዛሪ ስለማይጠብቅ ኤልሲ (ባንክ ለውጭ ዕቃ የሚከፍተው የክፍያ ሰነድ) እስኪከፈት ሊያልቅ ይችላል። አንድ አደጋ አለው፤ የምሰሶው ቡሎን ልክ ካልገጠመ ሁለቱ እርስ በርስ ይካሰሳሉ። ስለዚህ የቡሎን አብነቱን ዕቃ አቅራቢው ሰጥቶ ሲቪሉ ይቅበረው።

ምንዛሪው ሐምሌ 22 ቀን 2016 በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላሩ ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። 100 ሚሊዮን ብር ከተገመተ ሥራ 60ው የውጭ ዕቃ ቢሆን፣ ዶላር እጥፍ ሲሆን ያው ሥራ 160 ይሆናል። «10 መስቀለኛ» ብለው አይዋዋሉ፤ 3 ግዴታ፣ ቀሪው በአማራጭ በነጠላ ዋጋ ይሁን። በሰነዱ ላይ ሦስት ነገር አይጥፋ፦ የኮንትሮለሩ ሶፍትዌርና የይለፍ ቃል ለከተማው እንዲሰጥ፣ መገናኛው የሌላ ኩባንያ ኮንትሮለር በሚያነበው ክፍት ፕሮቶኮል እንዲሆን፣ ከያንዳንዱ ዕቃ 10 በመቶ መለዋወጫ እንዲቀርብ። የመጀመሪያው ከቀረ የአረንጓዴ ሰዓት በ5 ሰከንድ ለመለወጥ እንኳን አቅራቢውን ይለምናሉ።

ጣና_ዳር፦

እግዜር ይስጥልኝ። ማዕከሉ እስኪሠራ የአረንጓዴ ማዕበሉን መስቀለኞች በምን እናገናኛቸው? ተሽከርካሪ መምጣቱን ለመለየት ሉፕ ወይስ ካሜራ የሚለውም አከራክሮናል።

ካቢኔ_ከፋች፦

ማዕከል አያስፈልግም። ለያንዳንዱ ካቢኔ የጂፒኤስ ሰዓት ይግባ፤ ሁሉም ሰዓታቸውን ከሳተላይት ይወስዳሉ፣ መብራት ጠፍቶ ሲመጣም ራሳቸው ይገጥማሉ። ብልሽት ለማወቅ ሲም ካርድ ያለው ሞደም መልእክት ይላክ። ማዕከሉ መጨረሻ ላይ ይምጣ፤ 3 ካቢኔ እያብለጨለጨ ስክሪን መግዛት ትርፉ ብልጭታውን ቁጭ ብሎ ማየት ነው።

ሉፕ አስፋልት ተቆርጦ የሚቀበር ሽቦ ነው፤ አስፋልቱ ሲሰነጠቅ ወይም ለውሃ ቧንቧ ሲቆፈር አብሮ ይሄዳል። ብስክሌትም ብረቱ ትንሽ ስለሆነ በተራ አራት ማዕዘን ሉፕ መሀል ላይ አይያዝም፤ ሰያፍ ቆረጣ ይፈልጋል። ባጃጁ ደግሞ በመስመሩ ልክ አይቆምም፣ ፊት ለፊት ይከማቻል። ካሜራ ይሻላል፤ የሚያነበውን ቦታ በሶፍትዌር እስከ ማቆሚያው መስመር ፊት ድረስ ማስፋት ይቻላል። ወደ ምሥራቅና ወደ ምዕራብ የሚያይ ካሜራ ግን ጠዋትና ማታ ፀሐይ ያሳውረዋል፤ ኮፍያ ይደረግለት፣ ምስሉ ሲጠፋም ወደ ቋሚ ሰዓት እንዲመለስ ይዘጋጅ።

ቀይ_ቢጫ_አረንጓዴ፦

አንድ ትንሽ ነገር ጨምሩበት፤ ዘንባባው። በመንገዱ መሀል ያሉት ዛፎች ቅጠላቸው ወርዶ መብራቱን ይሸፍናል። ምሰሶው ከመተከሉ በፊት ከ60 ሜትር ላይ በሹፌር ዓይን ቁመት ቆመው ይዩ። የማይታይ ከሆነ ክንድ ያለው ምሰሶ ያስፈልጋል፣ የመሠረቱ ስፋትና ዋጋው ይለወጣል። የቅርንጫፍ ቆረጣውም በውበትና መናፈሻ ሥራ ዕቅድ ላይ ከክረምት በኋላ፣ በመስከረም መጨረሻ፣ ይጻፍ።