በድሬዳዋ ሙቀት መድኃኒቶችን ቤት ውስጥ የት ማስቀመጥ ይሻላል?

ጥያቄ (ከሳቢያን)፦
ጤና ይስጥልኝ። ቤታችን ቆርቆሮ ጣሪያ ስለሆነ ግንቦትና ሰኔ ላይ ውስጡ እንደ ምድጃ ይግላል። የእናቴን ኢንሱሊን ፍሪጁ በር ላይ፣ ኪኒኖቹንና የልጆቹን ሽሮፕ ደግሞ በአሮጌ የብስኩት ጣሳ አድርጌ ፍሪጁ አናት ላይ አስቀምጣለሁ። ባለፈው ሳምንት ጣሳውን ስከፍተው አስፕሪኑ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ሸተተኝ፤ የመጠቀሚያ ጊዜው ግን ገና አላለፈም። ልጣለው ወይስ ላቆየው? መብራት ሲጠፋስ ኢንሱሊኑን ምን ላድርገው?

መልስ (ፋርማሲስት፣ ከከዚራ)፦
እህቴ፣ አስፕሪኑን ያስወግዱት። ሙቀትና እርጥበት ሲያገኘው ይፈርሳል፤ የሸተተዎትም በዚህ ጊዜ የሚፈጠረው የኮምጣጤ አሲድ ነው። ማሸጊያው ላይ ያለው ቀን የሚያገለግለው መድኃኒቱ አምራቹ ባዘዘው ሙቀት፣ ማለትም አብዛኛውን ጊዜ ከ25 ወይም ከ30 ዲግሪ በታች፣ ከቆየ ብቻ ነው። የፍሪጅ አናት ደግሞ ከኋላው የሚወጣው ሙቀት የሚያርፍበት ቦታ ስለሆነ፣ ጣሳውን ፀሐይ ወደማይገባበት የውስጥ ክፍል፣ ከጣሪያው ዝቅ ወዳለ ቁምሳጥን ያዛውሩት።

የፍሪጅ በር በተከፈተ ቁጥር ስለሚሞቅ፣ ያልተከፈተው ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው መካከለኛ መደርደሪያ ላይ፣ ከበረዶ ቤቱ ርቆ ይቀመጥ፤ አንዴ በረዶ ሆኖ ከረጋ ቢቀልጥም አይወጋም። የተከፈተው በአብዛኛው ከ30 ዲግሪ በታች ለ28 ቀናት ያገለግላል፤ የእርስዎ ቤት ግን ከዚያ በላይ ስለሚሞቅ እሱንም ፍሪጅ ውስጥ ያቆዩት። መብራት ሲጠፋ ፍሪጁን አይክፈቱት፤ ከቆየ ግን ኢንሱሊኑን ውኃ በማያስገባ ላስቲክ ጠቅልለው፣ በትልቅ የሸክላ ማሰሮ ውስጥ በተቀመጠ ትንሽ ማሰሮ ያኑሩት። በሁለቱ መካከል ያለውን አሸዋ እያረጠቡ እርጥብ ጨርቅ ይክደኑበት። የድሬ ደረቅ አየር ለዚህ ይመቻል።

መልስ (ከሐረር)፦
እኛ ከድሬዳዋ 600 ሜትር ያህል ከፍ ስለምንል ሙቀቱ እምብዛም አያስቸግረንም፤ ያስቸገረን የዘመን አቆጣጠሩ ነው። አማቴ «06/2026» የሚል ጽሑፍ አይታ፣ እኛ ያኔ ገና 2018 ላይ ስለነበርን «8 ዓመት ቀርቶታል» ብላ አስቀመጠችው። ቀኑ የፈረንጅ ስለሆነ መድኃኒቱ የሚያገለግለው እስከ ሰኔ 23 ቀን 2018 ድረስ ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ በየማሸጊያው ላይ የእኛን ቀን በወፍራም እስክሪብቶ እጽፋለሁ። ሌላው፣ የ3 ዓመት ልጃችን የእንጆሪ ሽታ ያለውን ሽሮፕ እንደ ጭማቂ ሊጠጣው ሲል ስለደረስንበት፣ አሁን ቁምሳጥኑ ይቆለፋል።

ጠያቂዋ፦
ለሁላችሁም ምስጋናዬ የላቀ ነው። የልጄ አሞክሲሲሊን ሽሮፕ ግማሹ ቀርቷል፤ ለሚቀጥለው ሕመም ይሆናልን?

መልስ (ፋርማሲስቱ)፦
አይሆንም። በውኃ ከተበጠበጠ በኋላ እንደ ዓይነቱ 7 ወይም 14 ቀናት ብቻ ያገለግላል፤ የሚቀጥለው ሕመምም ሌላ ሊሆን ይችላል። ወደ ደቻቱ ወንዝ አይጣሉት፤ መጀመሪያ በአቅራቢያዎ ያለ ፋርማሲ ይቀበል እንደሆነ ይጠይቁ፤ ካልተቀበለ ከቡና አተላ ጋር ቀላቅለው፣ በላስቲክ አስረው ከቆሻሻ ጋር ያስወጡት። ጠርሙሱ ላይ ያለውን የልጅዎን ስም መፋቅ አይርሱ።