አስቸኳይ፦ ቬፑ የተቃጠለ ጨርቅ ይሸታል፣ መለዋወጫ ፖድ ጅማ የት ይገኛል?

የሂርማታው (ጠያቂ)፦
ሰላም ቤተሰብ። ሲጋራ ለማቆም የያዝኩት ቬፕ (ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ) ከትናንት ጀምሮ ስስበው የተቃጠለ ጨርቅ ይሸታል፣ ጉሮሮ ይፍቃል፣ ጭስ የለውም ማለት ይቻላል። መብራቱ ብልጭ ብልጭ ይልና ይጠፋል። ፖዱን (ፈሳሹ የሚሞላበትን ተነቃይ ክፍል) ነቅዬ ሳየው ከሥሩ እርጥብ ነው። ቻርጅ ሙሉ ነው። መለዋወጫ የት አለ? መርካቶ ጠይቄ አጣሁ። ዛሬ ማታ ካልተስተካከለ ሱቅ ወርጄ ፓኮ መግዛቴ ነው፣ ሐራራው አላስቀምጥ ብሎኛል።

አጂፕ ጥገና፦
እርጥበቱ ቀላል ነው። ፖዱ የሚገባበት ጉድጓድ ታች ሁለት ቢጫ ነጥቦች አሉ፣ ፖዱም ሥር እንደዚያው። የጆሮ ማጽጃ ጥጥ በፋርማሲ አልኮል ነካ አድርገህ አራቱንም ጥረግ፣ አምስት ደቂቃ አናፍሰው፣ መልሰህ ግጠም። ብልጭታው አብዛኛውን ጊዜ ኮንታክት አልነካ ብሎ ነው። ፈሳሹ ወደ ቻርጅ መሰኪያው ወርዶ ከሆነ ግን በደንብ ሳይደርቅ እንዳትሰካው።

መምህር ዘጅሬን፦
ወንድሜ፣ ይህ ከድጡ ወደ ማጡ ነው። ሲጋራ ለማቆም ቁርጥ ሐሳብ እንጂ ባትሪ ያለው ሲጋራ አያስፈልግም። ሱሱ የኒኮቲን ነው፣ ያንኑ ኒኮቲን በሌላ ዕቃ ቀዳኸው እንጂ ምን አቆምክ? በዚህ ነገር ሲጋራ የተወ ሰው የለም። ደግሞ በሕግም ቢሆን በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ወደ አገር ማስገባትም መሸጥም የተከለከለ ነው። መርካቶ ያጣኸው ለዚህ ነው። ወጣቱ ሁሉ አፉ ላይ ፍላሽ የመሰለ ነገር ሰክቶ ሲሄድ ማየት ያሳዝናል።

አዌቱ ማዶ፦
ሰውየው የጠየቀው ፖድ፣ የመጣለት ስብሰባ 😄

መድኃኒት ቤት፦
መምህር፣ ስለ ሕጉ ያሉት ልክ ነው። «የተወ የለም» ያሉት ግን አይደለም። እንግሊዝ ውስጥ 886 አጫሾች ላይ ተሠርቶ በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት አለ። ከዓመት በኋላ ሲጋራ ትተው የተገኙት ቬፕ ከተሰጣቸው 18 በመቶ፣ የኒኮቲን ማስቲካ፣ ፕላስተርና የመሳሰለው ከተሰጣቸው 9.9 በመቶ ናቸው። ለእርስዎ የሚሆን ቁጥርም አለበት፦ በቬፕ ከተዉት ውስጥ 80 በመቶው ዓመቱ ሲሞላ ቬፑን ገና ይስቡ ነበር።
ጠያቂ፣ ዋናውን ነገር አልነገርከንም። ኮይሉ (ፈሳሹን የሚያሞቀው ሽቦ) ስንት ኦም ነው? የፈሳሹ ኒኮቲን በሚሊ ሊትር ስንት ሚሊግራም? መጨረሻ የሞላኸው በምንድን ነው?

የሂርማታው (ጠያቂ)፦
ኮይሉ 1.2 ይላል። ፈሳሹ 20 ሚሊግራም ሶልት (የኒኮቲን ጨው) ነው። ሊያልቅ ሲል ግሊሰሪን ጨምሬ አበዛሁት፣ ግማሽ በግማሽ። ከፋርማሲ የተገዛ ነው፣ ንጹሕ ነው። የቬፕ ፈሳሽ ራሱ ግሊሰሪን አይደል እንዴ? እሱ ችግር የለውም፣ ፖዱ ነው ያረጀው።

የኮቺ ልጅ፦
የእግር ንቃቃት ቅባት እያጨሰ ነው በሉኛ 😂😂

ኦም፦
ችግሩ እሱ ነው ወንድሜ፣ ፖዱን አትክሰስ። የቬፕ ፈሳሽ ግሊሰሪን ብቻ አይደለም፣ ፕሮፒሊን ግላይኮል የሚባል ቀጭን ፈሳሽ ይቀላቀልበታል። 1.2 ኦም ኮይል ፈሳሽ የሚስብባቸው ቀዳዳዎች ጠባብ ናቸው፣ የተሠራውም ግማሽ በግማሽ ለሆነ ቅይጥ ነው። አንተ ግሊሰሪን ስትጨምር ወፈረ፣ ወፍራሙ ወደ ጥጡ ቶሎ አይደርስም፣ ጥጡ ደርቆ ሽቦው አቃጠለው። ሽታው የጥጥ ነው። ጭስ ሲያንስህ ደጋግመህ ሳብከው፣ ባሰበት። ከሥር ያየኸው እርጥበት ደግሞ እንፋሎቱ ቀዝቅዞ የተጠራቀመ ነው፣ ጥረገው፣ ለሽታው ግን መፍትሔ አይሆንም።
አንዴ ያረረ ጥጥ አይመለስም። በውኃ ማጠብ፣ በአልኮል መንከር፣ ጸሐይ ላይ ማስጣት የሚሉህን አትስማ። ፖዱንም ቅይጡንም ጣል። ለቆዳ የተሸጠ ግሊሰሪን ሽቶ ሊኖረው ይችላል፣ ለሳንባ ተብሎም አልተመረመረም። ዳይኤቲሊን ግላይኮል የተባለ መርዝ የገባበት ግሊሰሪን በሽሮፕ በኩል ሰው የገደለባቸው አገሮች አሉ። ነገ ደግሞ የኬክ ቫኒላ ወይም ዘይትነት ያለው ነገር ልጨምር እንዳትል፣ ዘይት ሳንባ ውስጥ ገብቶ ያቆስላል።
አዲስ ፖድ ከሆነ ቦታ ካገኘህ፦ እስከ ምልክቱ ብቻ ሙላ፣ ፖዱ ባትሪው ላይ ሳይገጠም ከአፉ ሦስት አራት ጊዜ ቀስ ብለህ ሳብ፣ አሥር ደቂቃ አስቀምጠው፣ ከዚያ ግጠም። ሁለት ሦስት ሰከንድ ሳብ፣ ግማሽ ደቂቃ አሳርፈው። በየመሐሉ ሳያርፍ የሚጎተት ኮይል አዲስም ቢሆን በአንድ ቀን ያርራል።

አጂፕ ጥገና፦
መጀመሪያ ኮንታክቱን በአልኮል ይጥረግ።

መድኃኒት ቤት፦
ሐራራውም ከዚሁ የመጣ ነው። 20ውን ግማሽ በግማሽ ስታደርገው 10 ሆነ፣ ኮይሉ ሲያርር ደግሞ እሱም አልደረሰህም። ሳታስበው ኒኮቲኑን በአንድ ጊዜ ከግማሽ በታች አወረድከው፣ ሰውነትህ ሲጋራ ቢጠይቅ አይገርምም። ዛሬ ማታ ፖድ ፍለጋ ከምትዞር ፋርማሲዎች ደውለህ «የኒኮቲን ማስቲካ» በል። ሲጋራ ስታጨስ ከእንቅልፍ በተነሣህ በ30 ደቂቃ ውስጥ የምታቀጣጥል ከነበርክ 4 ሚሊግራሙን፣ ካልሆነ 2 ሚሊግራሙን ያዝ። እንደ ባናና ማስቲካ አታላምጠው! ቀስ ብለህ ታኝካለህ፣ አፍህን በርበሬ በርበሬ ሲልህ ድድህና ጉንጭህ መሐል ታስቀምጠዋለህ፣ ማቃጠሉ ሲጠፋ እንደገና። አንዱ ግማሽ ሰዓት ይሠራል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በየአንድ ሁለት ሰዓቱ አንድ፣ በቀን ከ24 አይለፍ። ቶሎ ቶሎ ከታኘከ ኒኮቲኑ ከምራቅ ጋር ሆድ ገብቶ ያቅለሸልሻል፣ ስቅታ ያመጣል፣ ሰውም «አልሠራልኝም» ብሎ ይጥለዋል።
ማስቲካውን ከመያዝህ 15 ደቂቃ በፊትና አፍህ ውስጥ እያለ ቡናም ለስላሳም አይጠጣም። አሲዱ ኒኮቲኑ በአፍ በኩል እንዳይገባ ያግደዋል።
ቡናውን ራሱንም ቀንስ። የሲጋራ ጭስ (ኒኮቲኑ አይደለም፣ ታሩ) ጉበት ካፌይንን ቶሎ እንዲያስወግድ ያደርግ ነበር። ሲጋራው ሲቀር ያው አራት ሲኒ እንደ ስምንት ሊሆንብህ ይችላል። እጅ መንቀጥቀጥ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ብስጭት ብዙ ጊዜ ሐራራ ይባላል፣ ከፊሉ ግን ቡናው ነው።

አዌቱ ማዶ፦
ጅማ ተቀምጠህ «ቡና ቀንስ»! አባ ጅፋር ይስሙህ።

የኮቺ ልጅ፦
ቡናውስ ይቅር፣ ጫቱስ? ምርቃና ላይ ሆኖ ሲጋራ ያልፈለገ ማን አለ። ሐራራው እስኪበርድ ሁለት ሦስት ሳምንት ከመቃሚያ ቤት ካልራቀ ማስቲካውም ፖዱም ከንቱ ነው።

መምህር ዘጅሬን፦
ይኸው፣ ቡና ተው፣ ጫት ተው፣ ተባለ። እንግዲህ ቁርጥ ሐሳብ ካስፈለገ አይቀር፣ ስለምን ሲጋራውን በባዶ እጁ አይተወውም?

መድኃኒት ቤት፦
በባዶ እጅ የሚተዉ አሉ፣ አብዛኞቹ ግን ተመልሰው ያጨሳሉ መምህር። ማስቲካ ከጠፋ ሐኪም የሚያዘው ቡፕሮፒዮን አለ፣ ኒኮቲን የለበትም። የሚጥል በሽታ ላለበት አይሰጥም፣ ጫት የሚቅምም ለሐኪሙ ሳይደብቅ ይንገር። የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል የሥነ አእምሮ ክፍል ቢጠይቅ ጥሩ ነው።

ኦም፦
አንድ ነገር ረሳሁ። የተረፈውን ፈሳሽ ልጅ የሚደርስበት ቦታ እንዳትተወው፣ ጥቂቱም ሕፃን ይመርዛል። እጅህ ላይ ከፈሰሰ በሳሙና ታጠብ። በስልክ «50 ሚሊግራም አለ» ብሎ የሚጽፍልህ ካለ ደግሞ ከ20 ወጥተህ እሱ ላይ አትዝለል፣ ራስ ማዞርና ማስመለስ ይከተላል።

የሂርማታው (ጠያቂ)፦
4 ሚሊግራሙ አንድ ቦታ አለ ተባልኩ፣ ሳይዘጉ እየሄድኩ ነው። ግሊሰሪኑን ግን ትንሽ ብቻ፣ ሩብ ያህል ቢሆንስ?

ኦም፦
አይሆንም!

አጂፕ ጥገና፦
ኮንታክቱን ጠረግከው ወይስ አልጠረግከውም?