የያዕቆብ ትራስ ነው የተባለው የስኮትላንድ ድንጋይ፦ ተረት መሆኑ ከታወቀ ለልጅ እንንገር ወይስ እንተወው?

ሳምሪ፦
ሰላም ቤተሰብ። እኔንና ባለቤቴን ሳምንቱን ሙሉ ያጨቃጨቀን ነገር አለና ላምጣላችሁ። የምንኖረው ስኮትላንድ ነው፣ ፐርዝ። ቅዳሜ ልጄን በ2024 የተከፈተው የከተማው ሙዚየም ወሰድኳት፣ የስኮትላንድ ነገሥታት ይነግሡበት የነበረው ድንጋይ እዛ ነው ያለው (ዓመቱን በሙሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው፣ እናንተም እንደዛው አድርጉ እንዳይምታታ)። ድንጋዩ ስታዩት ተራ ነገር ነው፣ 152 ኪሎ የሚመዝን የአሸዋ ድንጋይ፣ ግራና ቀኙ ላይ የብረት ቀለበት ተሰክቶበታል፣ ላዩ ላይ የተጫረች ትንሽ መስቀል አለች፣ በቃ። ልጄ ግን ከመስታወቱ አልላቀቅ አለች፣ ምክንያቱም ያዕቆብ ቤቴል ላይ ተንተርሶት መላእክት በመሰላል ሲወጡና ሲወርዱ ያየበት ድንጋይ ነው የሚለውን ሰምታለች። የፈርዖን ልጅ ስኮታ ከባሏ ጋር ከግብፅ ወጥታ፣ ድንጋዩም በስፔን በአየርላንድ አድርጎ እዚህ ደረሰ፣ የሀገሩም ስም ከሷ መጣ ነው ተረቱ። ባለቤቴ "ውሸት መሆኑ ተረጋግጧል እኮ፣ ልጅቷን ለምን ታደናግሪያታለሽ" አለኝ። እናንተ ምን ትላላችሁ?

ዳኒ፦
ባለቤትሽ ልክ ነው። ድንጋዩ ተመርምሯል፣ እዛው ስኩን አካባቢ ከሚገኘው የአሸዋ ድንጋይ ጋር አንድ ነው፣ ስኩን ማለት ደግሞ ፐርዝ አፍንጫ ስር ያለ ቦታ ነው። ከፍልስጤም የመጣ ነገር የለም፣ ከግብፅም የመጣ ነገር የለም። ለልጅ እውነቱን ንገሪያት፣ ድንጋይ ነው፣ ነገሥታት ተቀምጠውበታል፣ አለቀ።

ኪያ፦
እኔ የሰማሁት ግን የእንግሊዙ ንጉሥ ሲመጣ መነኮሳቱ እውነተኛውን ደብቀው ሌላ ድንጋይ ነው የሰጡት ነው የሚባለው? እንደሱ ከሆነ እኮ ምርመራውም ምንም አያረጋግጥም

ሐና፦
ኪያዬ እሱም ራሱ ሌላ ተረት ነው፣ ደስ ይላል ግን ማስረጃ የለውም። የእንግሊዙ ንጉሥ ኤድዋርድ 1ኛ በ1296 ሲወስደው ለንደን ዌስትሚኒስተር ቤተክርስቲያን ውስጥ ለድንጋዩ ብሎ ልዩ ወንበር አሠርቶለታል፣ የእንግሊዝ ነገሥታት እስከዛሬ ዘውድ የሚጭኑት እሱ ወንበር ላይ ነው።

ዳኒ ግን "አለቀ" ስላልክ እዚህ ላይ አልስማማም፣ እኔ ታሪክ አስተማሪ ነኝና ትንሽ ልዘርዝረው ታገሱኝ። ይሄ የስኮታ ተረት ማታ ማታ እሳት ዳር ሲወራ የቀረ ጨዋታ አይደለም፣ ክስ መመለሻ ሆኖ የቀረበ ነገር ነው። በ1301 ኤድዋርድ ለሮማው ጳጳስ ለቦኒፌስ 8ኛ ደብዳቤ ጻፈ፣ ምን አለ መሰላችሁ፣ ከትሮይ የመጣ ብሩቱስ የሚባል ሰው ይሄን ደሴት ያዘ፣ ለሦስት ልጆቹ አካፈለው፣ ታላቅየው እንግሊዝን ወሰደ፣ ስለዚህ ስኮትላንድ ለእንግሊዝ ታናሽ ናት ትገዛ አለ። ይሄ እኮ ንጉሥ በማኅተሙ የላከው ነው! ስኮቶቹ ደግሞ ባልድሬድ ቢሴት የሚባል የሕግ ሰው ወደ ጳጳሱ ልከው ኸረ እኛ የብሩቱስ ዘር አይደለንም፣ የመጣነው ከፈርዖን ልጅ ከስኮታ ነው፣ የንግሥና መቀመጫውንም ይዛ የመጣችው እሷ ናት ብለው መለሱ። ተረት በተረት ተመለሰ። ድንጋዩ በዛን ሰዓት ለንደን ነው ያለው፣ ሀገሩ በጦር ተይዟል፣ እጃቸው ላይ የቀረው ታሪካቸውን መናገር ብቻ ነበር። ታዲያ ተረቱ "ሐሰት ነው" ብለህ ስትጥለው ሰዎቹ ለነጻነታቸው ምን ብለው እንደተከራከሩም አብረህ ትጥላለህ።

ዳኒ፦
ያልሽው ገብቶኛል ግን እሱ "በ1301 ሰዎች እንዲህ ብለው ተከራከሩ" የሚለው ታሪክ ነው፣ ተረቱ ራሱ አይደለም። ሁለቱን አትቀላቅይብኝ።

ሐና፦
አልቀላቀልኩም፣ ለልጅ ሁለቱም ይነገር ነው የምለው፣ አንዱ ከሌላው ውጪ አይገባትም። ሌላም ልጨምር። በ1320 ከአርብሮዝ ለጳጳስ ዮሐንስ 22ኛ የላኩትን ደብዳቤ እይ፣ እስራኤል ባሕሩን ከተሻገሩ 1200 ዓመት በኋላ ወደዚህ ሀገር መጣን፣ 113 ነገሥታት በተከታታይ ነግሠውብናል፣ አንድም ባዕድ መሃል አልገባም ይላል። ቁጥሩ ፈጠራ ነው፣ ማንም ዛሬ አይቀበለውም። ግን እዛው ደብዳቤ ላይ ሮበርት ብሩስ ራሱ ለእንግሊዝ ሊያስገዛን ቢሞክር እሱንም አባረን ሌላ እናነግሣለን ብለዋል። በ14ኛው ክፍለ ዘመን ንጉሣቸውን እንዲህ ማለት ቀላል ነገር አይደለም። ሐሳቡ የቆመው በተረቱ ላይ ነው።

ደሞ እኛ ጋ ስትመጣ ክብረ ነገሥት አሁን ባለው መልኩ ተቀናበረ የሚባለው በዛው ሰሞን ነው፣ በአምደ ጽዮን ዘመን። ሁለት የማይተዋወቁ ሀገሮች በአንድ ዘመን ዘራቸውን ከመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ ጋር አገናኝተው ጻፉ። እኔ ይሄን ሳስበው ይገርመኛል።

ጋሽ መላኩ፦
ልጆች እየተከታተልኳችሁ ነው። ዳኒ ልጄ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ድንጋዩ የያዕቆብ ባይሆን፣ ኤድዋርድ በጉልበት መውሰዱ ሐሰት ይሆናል? አይሆንም። በ1328 ለመመለስ ትእዛዝ ወጥቶ ለንደኖች አናስወጣም ብለው ቀርቷል። 1996 ላይ ነው የተመለሰው፣ 700 ዓመት ሙሉ! እኔ ኤድንብራ ስኖር፣ እዛው ከተማ ቅዱስ ዮሐንስ የሚባል የእንግሊዞች ወገን ቤተክርስቲያን ቁምሳጥን ውስጥ በ2001 ታቦት ተገኘ፣ በ1868 ከመቅደላ የተዘረፈ። ያገኙት ቄስ ምን እንደሆነ ሲያውቁ ለባለቤቱ ይመለስ አሉ፣ በ2002 አዲስ አበባ ገባ፣ ሕዝቡ እንዴት አድርጎ እንደተቀበለው የነበራችሁ ታውቁታላችሁ። ማንም ስኮትላንዳዊ "መጀመሪያ ከሲና መምጣቱን በምርመራ አሳዩን" አላለንም። የሕዝብ የሆነ ነገር የሕዝብ ነው፣ አከተመ።

ዳኒ፦
ጋሼ ስለ መመለሱ ከርስዎ ጋር ጸብ የለኝም፣ ይመለስ፣ ልክ ነው። የኔ ጭንቀት ሌላ ነው። አንዴ ተረትን ክብር ከሰጠነው ማን ምን እንደፈጠረው ሳናይ እናልፋለን። ታርታኑን፣ ያንን ባለካሬ የስኮትላንድ ጨርቅ፣ እዩት። ኤድንብራ የሄደ ሰው ሁሉ ሱቅ ገብቶ "የጎሳህ ጨርቅ ይሄ ነው" እየተባለ ይገዛል፣ ከጥንት የመጣ ይመስለዋል። ለየጎሳው የተለየ ጨርቅ የሚባለው ነገር በአብዛኛው የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ነው። በ1822 ጆርጅ 4ኛ ኤድንብራ ሲመጣ ደራሲው ዋልተር ስኮት ድግሱን አሰናድቶ ንጉሡን ኪልት፣ ያንን ጉርድ ቀሚስ የሚመስል የወንድ ልብስ፣ አልብሶ አወጣው፣ ባለርስቱም ከተሜውም ሁሉ ኪልት ለብሶ ተሰለፈ። በ1842 ደግሞ ሁለት ወንድማማቾች የጥንት ብራና አግኝተናል ብለው የጎሳ ታርታን መጽሐፍ አሳተሙ፣ የፈጠራ ነበር።

ይሄ ለምን ያናድደኛል፣ ምክንያቱም በዛው ሰሞን ሰሜን ስኮትላንድ፣ ሰደርላንድ ውስጥ እውነተኛዎቹ ደገኞች (የስኮትላንድ ደጋ ሰዎች) ከቤታቸው እየተባረሩ ነበር። ስትራዝኔቨር ሸለቆ በ1814 እና በ1819 ገበሬው ተነቅሎ መሬቱ ለበግ ተሰጠ፣ ተመልሰው እንዳይገቡ የጣሪያቸው እንጨት ተቃጠለ። የጌልኛ ተናጋሪው ሰውዬ ባሕር ዳር ተጥሎ፣ ልብሱ ግን ቤተመንግሥት ውስጥ ይጨፈርበታል። ተረቱ ቁስሉን ሸፈነው። ስለዚህ ሐና "ተረቱ ነጻነት ነው" ስትይ አንዳንዴ ተረቱ የገዢው ነው እልሻለሁ።

ሐና፦
ይሄን ተቀብያለሁ። ከልቤ። ስለ ስትራዝኔቨር ያልከውን ክፍል ውስጥ ሳስተምር ድምፄ ይቀየራል፣ ስለዚህ አልከራከርህም። አንድ ነገር ብቻ፣ ጨርቁ ራሱ ከምንም አልመጣም፣ ብዙ ደገኞች በመንግሥት ጦር ከተሸነፉበት ከካሎደን ጦርነት በኋላ በ1746 የደገኛውን ልብስ የሚከለክል ሕግ ወጥቶ እስከ 1782 ድረስ ኪልት የለበሰ ሰው ይታሰር ነበር። የማይረባ ነገር አይከለከልም። ግን አዎ፣ መከልከሉን ሳይነግሩ ጨርቁን ብቻ መሸጥ በደል ነው።

ኪያ፦
እሺ በ2023 ለቻርልስ ዘውድ ተብሎ ድንጋዩ ተመልሶ ለንደን መሄዱስ? እኔ በሱ አልተስማማሁም እንዴት ተዘርፎ የነበረን ነገር ዘራፊው ቤት ለድግስ ትልካለህ

ጋሽ መላኩ፦
ሲመለስ ጀምሮ የነበረ ስምምነት ነው ልጄ፣ ለንግሥና ሊወሰድ ይችላል ተብሎ ነው የመጣው። በውሰት ሄዶ ተመለሰ። እኔን ብትጠይቂኝ ግን ዘውዱን ይዘው እነሱ ይምጡ።

ሳምሪ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ለባለቤቴም አስነብቤዋለሁ፣ ከዳኒ ጋር እንደሆነ ይወቅልኝ ብሏል። አንድ ያልነገርኳችሁ ነገር፣ ልጄ ስንወጣ "ለምን ተሰንጥቆ ተጠገነ?" ብላ ጠየቀችኝ። በ1950 ለገና ሌሊት አራት የስኮትላንድ ተማሪዎች ዌስትሚኒስተር ሰብረው ገብተው ሲጎትቱት ለሁለት እንደተከፈለ፣ ግላስጎው ውስጥ ድንጋይ ጠራቢ እንደጠገነው፣ ከወራት በኋላ በስኮትላንድ ባንዲራ ጠቅልለው አርብሮዝ ገዳም ፍርስራሽ ውስጥ እንዳስቀመጡት ነገርኳት። ከያዕቆብ ይልቅ እሱን ነው ማታ ለአባቷ ደጋግማ ያወራችው። ሐና ያንን የ1301 ክርክር ለስምንት ዓመት ልጅ በሚሆን ቋንቋ ብትጽፊልኝ ደስ ይለኛል።

ሐና፦
እሁድ ጽፌ እልክልሻለሁ። ዳኒ የስትራዝኔቨሩን ክፍል አንተ ጻፈው።

ዳኒ፦
እሺ።

ጋሽ መላኩ፦
ሳምሪ ልጄ፣ ፐርዝ ስመጣ ማየት እፈልጋለሁ፣ ይከፈላል?

ሳምሪ፦
ነጻ ነው ጋሼ። ቀኑን ብቻ ይንገሩኝ፣ ሰዓት ቀድሜ አስይዝልዎታለሁ።