ለዓይን ቆብ ኦፕራሲዮን በሽተኛን በስዕል ማዘጋጀት፣ የሞከረ አለ?

ሰላም ጀማዓ፣ ሐረር ዙሪያ ጤና ጣቢያ ነው የምሰራው። በትራኮማ የዓይን ሽፋሽፍታቸው ፀጉር ወደ ውስጥ የታጠፈባቸው እናቶች ቀጠሮ ይዘው ይቀራሉ፣ ዓይናችንን ሊያወጡት ነው ብለው፣ በወረንጦ እየነቀሉ መኖር ይሻላቸዋል። ቪዲዮ ላሳይ ወይስ ስዕል?

↪ ድሬ ነኝ። አቦ ቪዲዮውን ተወው፣ ደም ካዩ አለቀ! በእጅ የተሳለ ይበቃል፣ ፀጉሩ ብሌኑን ሲፍቀው፣ ቆቡ ተቆርጦ ወደ ውጪ ሲዞር፣ ከዛ ሲሰፋ። ብሌኑ እንደማይነካ ጣትህን እዛው ላይ አድርገህ አሳያቸው፣ ኦሮምኛ የሚችል ሰው አጠገብህ ይኑር።

↪ ስዕሉስ ጥሩ፣ ግን ብሌናቸው ጠባሳ የያዘ ሰዎች በምን ያዩታል? እኔ የነጠላ ጠርዝ እንደ ቆቡ አጥፌ በጣታቸው አስዳስሳቸዋለሁ፣ ልጃቸው ካለ ስዕሉን ለሱ። ደሞ ማደንዘዣው መርፌ ሲገባ እንደሚያም አትደብቃቸው፣ ከዛ በኋላ ነው የሚደነዝዘው። ዓይናቸው ታሽጎ ወደ ቤት ሲሄዱ፣ በማግስቱ ሲፈታ እብጠቱ ምን እንደሚመስል የሚያሳይ ስዕልም ጨምር።

↪ ዋናው ተረሳ፣ ኦፕራሲዮኑ የጠፋውን እይታ አይመልስም፣ ፀጉሩም ተመልሶ ሊታጠፍ ይችላል። ያማረ "በፊትና በኋላ" ፎቶ ብቻ ካሳየሃቸው ኋላ ጣጣው ላንተ ነው።

↪ የነጠላዋን ሰኞ እሞክራታለሁ፣ አላህ ይስጥልኝ