ለመንግሥት ሆስፒታል የሲቲ ስካን መሣሪያ ሕዝብ ያዋጣ ወይስ አያዋጣ?

አወያይ፦ የተከበራችሁ የጎንደር ነዋሪዎችና ተወላጆች፣ ለክርክር የቀረበው ጉዳይ ይህ ነው። ጥቂት የእድር ዳኞች ተመካክረው አንድ ሐሳብ አምጥተዋል፤ እያንዳንዱ አባል ለአንድ ዓመት ያህል ከወርኃዊ መዋጮው ላይ 20 ብር እየጨመረ፣ በውጭ ያሉ ተወላጆችም የአቅማቸውን እየረዱ፣ ለመንግሥት ሆስፒታል አዲስ የሲቲ ስካን መሣሪያ (የሰውነትን ውስጥ በጨረር የሚያሳይ) ይገዛ የሚል ነው። የሚደግፍም የሚቃወምም ምክንያቱን በጨዋነት ያስረዳ። አስቀድመው ሐሳቡን ካመነጩት አንዱ ይናገራሉ።

የእድር ዳኛ፣ ከአራዳ፦ እድር የተቋቋመው ለቀብር ነው። ድንኳን እንተክላለን፣ ንፍሮ እንቀቅላለን፣ ለሐዘንተኛው ገንዘብ እንሰጣለን፣ ሦስት ቀን አብረን እንቀመጣለን። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ አባላችን ከግንባታ መወጣጫ ላይ ወድቆ ጭንቅላቱን ተመታ። በወሰድንበት የመንግሥት ሆስፒታል የሲቲ ስካን ክፍሉ በር ላይ «ማሽኑ ለጊዜው አይሠራም» የሚል ወረቀት ተለጥፎ ነበር፤ ቀለሙ ደብዝዟል፣ ጠርዙ እየተላጠ በፕላስተር ላይ ፕላስተር ተደራርቦበታል። ያ «ለጊዜው» ስንት ወር እንደቆየ ከወረቀቱ መልክ መገመት ይቻል ነበር። ወደ ግል ምርመራ እንውሰደው ስንል ባለቤቱ በነጠላዋ ጫፍ የቋጠረችውን ፈትታ ቆጠረች፤ አልሞላም። እኛ በየአቅጣጫው እየደወልን የጎደለውን ስናሰባስብ መሸ፤ ሌሊቱን ዐረፈ። በማግስቱ እድሩ ለቀብሩ የሰጠው ገንዘብ ለምርመራው ጎድሎ ከነበረው ይበልጥ ነበር። ይህን ሒሳብ በመዝገባችን ላይ የጻፍሁት እኔ ራሴ ነኝ፤ ከዚያ ወዲህ መዝገቡን በከፈትሁ ቁጥር ዓይኔ እዚያ መስመር ላይ ያርፋል። ለሞተ ሰው በአንድ ጀምበር የምናዋጣ ሰዎች በሕይወት ላለው ለምን እንደማናዋጣ የሚያስረዳኝ ሰው ካለ ለመስማት ዝግጁ ነኝ።

ጡረታ የወጣሁ መምህር፣ ከማራኪ፦ የእድር ዳኛችን የተናገሩት ልብ ይነካል፤ ነፍሱን ይማር። ነገር ግን ከዚህ ሐዘን ተነስተን የምንወስነው ውሳኔ የሚያስከትለውንም ማየት ይገባናል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከደመወዜ ግብር ሳይቆረጥ የቀረበት ወር የለም። አሁንም ለማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድን እከፍላለሁ። መንግሥት የሆስፒታል መሣሪያ ማሟላት ግዴታው ሆኖ ሳለ ሕዝቡ በፈቃዱ ከተሸከመለት፣ በሚቀጥለው ዓመት በጀት ሲያዝ «የጎንደር ሕዝብ ራሱ ይገዛል» ተብሎ ድርሻችን ለሌላ እንደማይተላለፍ ማን ዋስትና ይሰጠናል? ለህዳሴው ግድብ ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ደመወዛችንን ሰጥተናል፣ ቦንድ ገዝተናል፤ ግድቡ በጳጉሜን 2017 ሲመረቅም በእውነት ደስ ብሎኛል። ግድብ ግን አንድ ጊዜ ተገንብቶ ለትውልድ ይተላለፋል፤ የሆስፒታል መሣሪያ በዐሥር ዓመት ውስጥ የሚያረጅ ዕቃ ነው። ባረጀ ቁጥር ልናዋጣ ነው?

አንድ የከተማችንን ታሪክም ላስታውስ። የጎንደር የጤና አጠባበቅ ኮሌጅና ማሠልጠኛ በ1947 ዓ.ም. ሲከፈት የደምቢያ ሜዳ የወባ ወረርሽኝ ቁስል ገና አልሻረም ነበር። ዩኒሴፍም የዓለም ጤና ድርጅትም አሜሪካኖችም ረድተዋል። ሆኖም የረዱት ዕቃ አምጥተው በማራገፍ አልነበረም፤ የጤና መኮንን፣ የኅብረተሰብ ነርስና ሳኒተሪያን (የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያ) አብረው ሠልጥነው እንደ አንድ ቡድን ወደ ገጠር እንዲወጡ ነው የተደረገው። መንግሥትም ኮሌጁን የራሴ ብሎ ተረከበ። አሁን የቀረበው ሐሳብ ከዕቃው በኋላ ስለሚመጣው አንድም ቃል የለውም።

ተወላጅ፣ ከዋሽንግተን፦ መምህሬን በታላቅ አክብሮት እቃወማለሁ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚባለው ለእንዲህ ያለው ጊዜ ነው። መንግሥት እስኪያሟላ ስንት ሰው ይቀበር? እንዲያውም ካዋጣን አይቀር ለምን በኃይለኛ ማግኔት የሰውነትን ውስጥ የሚያሳየውን ኤምአርአይ አንገዛም? እዚህ ያሉ ሆስፒታሎች መሣሪያቸውን በየጊዜው ስለሚቀይሩ፣ ያገለገለውን በቅናሽ፣ ምናልባትም በነፃ አግኝተን የመርከቡን ብቻ ብንከፍል ገንዘቡ ይበቃናል።

የባዮሜዲካል ባለሙያ፣ ከአዘዞ፦ ለወንድሜ ልብ ምስጋናዬ የላቀ ነው፤ ዕቅዱ ግን በሕክምና መሣሪያ ጥገና ሥራዬ ያየሁትን ስሕተት የሚደግም ስለሆነ በዝርዝር ልመልስ። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2011 የታተመና በ16 ሀገራት ከመቶ ሺህ በላይ የሕክምና መሣሪያዎችን የመረመረ ጥናት፣ ከመቶው 38 ያህሉ ከአገልግሎት ውጪ ሆነው እንዳገኛቸው ይገልጻል። በምክንያትነት የጠቀሳቸውም የሥልጠና፣ የአስተዳደርና የመሠረተ ልማት ጉድለቶችን ነው። ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ በየሆስፒታሉ ግቢ ጓሮ ቆርቆሮ ሥር የቆሙትን ሳጥኖች መቁጠር ይበቃል።

ሲቲ ስካን ተገዝቶ ሶኬት ላይ ተሰክቶ የሚሠራ ዕቃ አይደለም። ጨረሩን የሚያመነጨው ቲዩብ እንደ መኪና ጎማ በአገልግሎት ብዛት የሚያልቅ አካል ነው፤ ሲያልቅ የሚተካበት ዋጋ ደግሞ ከመሣሪያው ጠቅላላ ዋጋ ቀላል የማይባል ድርሻ ይይዛል። ቲዩቡ ሲሠራ እጅግ ይግላል፤ መብራት በድንገት ሲጠፋ ማቀዝቀዣውም አብሮ ይቆማል፣ ሙቀቱ ግን እዚያው ይቀራል። የመብራታችንን ሁኔታ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ስለዚህ አቅሙ የተመጠነ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጊዜው ኃይል የሚሰጥ ባትሪ)፣ ጄኔሬተር፣ ሌት ተቀን የሚሠራ አየር ማቀዝቀዣ፣ ግድግዳውና በሩ የእርሳስ ብረት የለበሰ ክፍል ያስፈልጋል፤ ለጨረሩም ከሚመለከተው የመንግሥት አካል ፈቃድ ይወሰዳል። ያገለገለ መሣሪያ በነፃ ስናመጣ ብዙ ጊዜ አምራቹ መለዋወጫ ማቅረብ ያቆመበትን ነው የምናመጣው፤ የይለፍ ቃሉና የጥገና ሶፍትዌሩ በአምራቹ እጅ ስለሆነ እኛ ከፍተን ብልሽቱን ማየት እንኳ አንችልም። የእድር ዳኛው በር ላይ ያዩት ወረቀት አብዛኛውን ጊዜ የሚለጠፈው መሣሪያ ባለመኖሩ ሳይሆን የጥገና ውል ባለመኖሩ ነው። ስለዚህ መዋጮውን አልቃወምም፤ የምቃወመው ለግዢ ብቻ መዋጣቱን ነው። ከምንሰበስበው ላይ ቢያንስ የአምስት ዓመት የጥገና ውልና አንድ መለዋወጫ ቲዩብ ካልተሸፈነ ሌላ ወረቀት እየገዛን ነው።

የራጅ ባለሙያ፣ ከፒያሳ፦ ስለ ኤምአርአይ አጭር ነገር ልጨምር። ስትሮክ የመታው ሰው ሲመጣ የመጀመሪያው ጥያቄ የአንጎሉ ደም ሥር ተደፍኖ ነው ወይስ ደም ፈስሶ የሚል ነው፤ ሁለቱ ከውጭ ሲያዩአቸው ይመሳሰላሉ፣ ሕክምናቸው ግን ተቃራኒ ነው። ለተደፈነው የሚሰጠው ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የፈሰሰበትን ሰው ሊገድለው ይችላል። ሲቲ ስካን ይህን በደቂቃዎች ይለያል። ኤምአርአይ ግን ሕመምተኛው ሳይንቀሳቀስ ግማሽ ሰዓትና ከዚያም በላይ እንዲተኛ ይጠይቃል። ደግሞም እዚህ አካባቢ ስንት ሰው በሰውነቱ ውስጥ ጥይት ወይም ፍንጣሪ ይዞ እንደሚኖር እናውቃለን፤ ብረቱ ምን ዓይነት እንደሆነና የት እንዳለ ሳይጣራ ወደዚያ ማግኔት ማስገባት አደጋ ነው። አብዛኞቹ ኃይለኛ ኤምአርአዮች በፈሳሽ ሂሊየም የሚቀዘቅዙ መሆናቸው ሌላ ጣጣ ነው። ኤምአርአይ አያስፈልግም ማለቴ አይደለም፤ ለአከርካሪና ለነርቭ በሽታ አቻ የለውም። በመዋጮ ከተጀመረ ግን ሲቲው ይቅደም።

ሌላው ምስሉን የሚያነበው ሰው ነው። መሣሪያው ሌሊት ቢሠራም ራዲዮሎጂስቱ ተረኛ ካልሆነ ታማሚው ሪፖርቱን የሚያገኘው ሲነጋ ነው። ስለዚህ ከሆስፒታሉ የምንጠይቀው የሌሊት ተራ መኖሩንም ጭምር መሆን አለበት።

አስመጪ ነጋዴ፦ ገንዘቡን ዓመት ሙሉ በብር አከማችቶ መግዛት የሚለውን አስቡበት። እስከ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ድረስ አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ከሳምንታት በኋላ ከ100 ብር አለፈ። በዚያን ጊዜ በባንክ ብር ያስቀመጠ ማኅበር ቢኖር ግማሽ መሣሪያው ዓይኑ እያየ ቀልጦበታል። በውጭ ያሉት የሚሰጡት በውጭ ምንዛሪ ሒሳብ ይቀመጥና ለግዢው ይዋል፤ እዚህ የምናዋጣው ብር ደግሞ ክፍሉን ለማዘጋጀት፣ ለጄኔሬተሩና ለኤሌክትሪክ ሥራው በየወሩ ይውጣ።

የታማሚ ልጅ፣ ከደባርቅ፦ እኔ የከተማው ነዋሪ አይደለሁም። እናቴን ይዤ ስመጣ ግን የምመጣው ወደዚህ ነው። ከዚህ ካልተገኘ ወደ ባሕር ዳር 180 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ አዲስ አበባ ከተባለ ደግሞ ከ700 በላይ ነው፤ የመንገዱን ሁኔታ መንገር አያስፈልገኝም። የጤና መድን ደብተራችን በመንግሥት ሆስፒታል ይሠራል፤ መሣሪያው ሲበላሽ ወደ ግል ስንላክ ግን ከኪሳችን እንከፍላለን፤ እናቴን ለማስመርመር አንዲት ላም ሸጠናል። ጥያቄዬ አንድ ነው፦ በሕዝብ መዋጮ በተገዛው መሣሪያ መድን ያለው ሰው እንደገና ሊከፍል ነው? ከደባርቅ፣ ከመተማ፣ ከቋራ የሚመጣው ያላዋጣ ሰውስ እንዴት ይስተናገዳል?

ጡረታ የወጣሁ መምህር፣ ከማራኪ፦ የልጄ ጥያቄ ከእኔም ጥያቄ ይበልጣል። ያላዋጣ ይለይ የሚል ሰው ካለ እኔ ከዚህ ጉዳይ እወጣለሁ፤ ሆስፒታሉ የሁሉ ነው። የባዮሜዲካል ባለሙያው ስለ ጥገና ውል የተናገረው ደግሞ ሐሳቤን በከፊል አስቀይሮኛል። መንግሥት ግዴታውን በጽሑፍ ከገባ፣ ይኸውም የጥገናው ወጪ ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ በሆስፒታሉ በጀት ወይም በውስጥ ገቢው እንደሚሸፈን በፊርማና በማኅተም ካረጋገጠ፣ መዋጮው ኃላፊነቱን የሚያወርድለት ሳይሆን የሚያስይዘው ይሆናል። ያለዚያ ግን አሁንም እቃወማለሁ።

ተወላጅ፣ ከዋሽንግተን፦ ስለ ያገለገለው መሣሪያ ያልሁትን አንስቻለሁ፤ ይህን ባለማወቄ ነበር። እኛ ዘንድ ሰው የሚሰጠው ፎቶግራፍ ለሚነሣበት ነገር ነው፤ ለጥገና ውል አዋጡ ብሎ ማሳመን ከባድ ይሆናል። ቢሆንም እሞክራለሁ።

የእድር ዳኛ፣ ከአራዳ፦ የተባለውን ሁሉ በመዝገቡ ጀርባ ጽፌዋለሁ። ሐሳቤን ይዤ የመጣሁት ነገ መዋጮ እንዲጀመር ነበር፤ አሁን ግን አንድም ብር ከመሰብሰቡ በፊት ለሆስፒታሉ አስተዳደር ደብዳቤ እንዲጻፍ እጠይቃለሁ። በደብዳቤው አራት ነገር እንጠይቅ፦ ክፍሉ የት እንደሚሆንና መብራቱ እንዴት እንደሚያዝ፣ የጥገናውን ውል ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ ማን እንደሚከፍል፣ ሌሊት ምስሉን የሚያነብ ባለሙያ መኖሩን፣ መድን ያለውም ከሩቅ የመጣውም ዳግመኛ እንደማይጠየቅ። መምህራችን የደብዳቤውን ቃል ቢያቃኑልን፣ የባዮሜዲካል ባለሙያው ደግሞ የቴክኒኩን ጥያቄ ቢጽፍልን ደስ ይለኛል። መልሱ በጽሑፍ ከመጣ በቀጣዩ የወር ስብሰባ ለአባላቱ ሁሉ አነበዋለሁ፤ ካልመጣም አለመምጣቱን እናገራለሁ። ያን ዕለት ባለቤቷን የቀበረችው እኅታችንም ከአባላቱ አንዷ ናት፤ ሳነበው ትሰማለች።